የመስታወት ቆራጩ ጉንዳኖች

አንድ መስታወት ቆራጭ ነበር። ስሙ ላቀው ይባላል። የሚኖረው ከአንዲት ከተማ ገበያ ጀርባ ባለ ሰፈር ውስጥ ነው። በዚያ ሰፈር እሱ ያልገጠመው መስኮት አይገኝም ማለት ይቻላል። እጁ አይሳሳትም፤ መቁረጫውን አንድ ጊዜ ስቦ፣ ጠርዙን በጣቱ መታ አድርጎ፣ መስታወቱን በተለካበት ልክ ለባለቤቱ ያስረክባል። ሥራው ላይ ጥሩ ነው፤ ወሬ ላይ ግን የለበትም።

ለሁለቱም የምትበቃ ተጫዋች ሚስቱ እቴነሽ ነበረች። እንግዳ የምትጠራው እሷ ናት። የታመመ የምትጠይቀው፣ የወለደች አራስ የምታየው፣ ከለቅሶ የማትቀረው እሷ ናት። ላቀው ከኋላዋ ይከተላል፣ ከጎኗ ይቀመጣል፣ ሰዎች ሲስቁ ፈገግ ይላል። ከሰው ጋር ይኖር የነበረው በእሷ በኩል ነው። ይህን ግን እሷ በሕይወት ሳለች አላወቀውም።

ልጅ አልነበራቸውም። እቴነሽ አንድ በጋ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች።

ሰፈሩ አልተለየውም። ድንኳን ተተከለ፤ ሴቶቹ ምግብ ሠርተው አመጡ፤ ወንዶቹ አብረውት አደሩ። ሰልስቱም አርባውም ወጣ። ከዚያ ሁሉም ወደየኑሮው ተመለሰ። ላቀው ግን የሚመለስበት ኑሮ አጣ። ጠዋት ሱቁን ይከፍታል፣ የታዘዘውን ይቆርጣል፣ ማታ ይዘጋል። ቤት ገብቶ ልብሱን ሳይቀይር ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ሲል ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች ከመሬት እየወጡ አየሩን ሞሉት። አንዷ፣ ትልቅና ጥቁር፣ ላቀው በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ አረፈች። እያያት በገዛ እግሯ ክንፎቿን ገፋ ገፋ አድርጋ ጣለቻቸው። ላቀው የያዘውን መስታወት አስቀመጠ። የሚበር ነገር ክንፉን ወዶ ሲጥል አይቶ አያውቅም።

በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አስገባት፤ እርጥብ ጥጥ አደረገላት፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ጨለማ ቦታ ላይ አስቀመጣት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብልቃጡን ሲያየው በጉንዳኗ እግር ሥር ነጫጭ እንቁላሎች ነበሩ፤ ለካ ንግሥት ኖራለች። ምንም አትበላም። ከገዛ ሰውነቷ እያወጣች ከእንቁላሎቹ የተፈለፈሉትን እጮች ትመግባለች፤ ራሷም ከቀን ወደ ቀን ትከሳለች። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ወጡ፤ ጥቃቅን፣ ፈዛዛ፣ እግራቸው የማይጸና። ከመካከላቸው አንዷ ወጥታ ላቀው ያስቀመጠላትን የማር ጠብታ ቀመሰችና ተመልሳ እናቷን በአፏ አጎረሰቻት። ላቀው ሳቀ። የገዛ ሳቁን ሲሰማ ደነገጠ፤ በዚያ ቤት ከተሳቀ ቆይቶ ነበር።

ከዚያ ቤት ሠራላቸው። ሁለት ሰፋፊ መስታወቶችን ጎን ለጎን አቁሞ መካከላቸውን በጀሶ ሞላው፤ በጀሶው ውስጥ መተላለፊያና ክፍሎች ፈለፈለ፤ ብርሃኑ እንዳያስቸግራቸው ፊቱን በቀይ ላስቲክ ሸፈነው። ከሥሩ እርጥበት የሚገባበት፣ ከላይ ምግብ የሚቀመጥበት አበጀ። በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ የተዋጣለት ሥራ ያ ነበር፤ ያየው ሰው ግን የለም።

ዓመት ዓመትን ተካ። ጉንዳኖቹ በዙ፤ ቤታቸውም ሁለት ጊዜ ሰፋ። ላቀው ጠባያቸውን አወቀ። እንቁላሎቻቸውን ሲሞቅ ወዴት፣ ሲበርድ ወዴት እንደሚያዞሩ፣ የሞቱባቸውን የት ጥግ እንደሚከምሩ ያውቃል። ከሥራ እንደገባ ወንበሩን አስጠግቶ ይቀመጥና፣ «ዛሬ እንዴት ዋላችሁ?» ይላቸዋል። መልስ የማይጠብቅ ጥያቄ መጠየቅ ደስ ይለው ጀመር። መልስ የሚጠይቁ ሰዎች ያደክሙት ነበር።

ከቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ ጎረቤት ነበሩት፤ ወይዘሮ ጥሩአየሁ። እሳቸውም ባላቸው ከሞቱባቸው ቆይቷል፤ ልጆቻቸው ራቅ ብለው ነው የሚኖሩት። ከእቴነሽ ጋር እንደ እናትና ልጅ ነበሩ። ከእሷ ሞት በኋላ በየበዓሉ፣ አንዳንዴም እንዲሁ በሰንበት፣ ሳህን ይዘው በሩን ያንኳኳሉ።

«ላቀው፣ ትንሽ ነገር ይዤልህ መጣሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ምነው ተቸገሩ?»

«ምን ችግር አለው። ደህና ነህ ግን?»

«ደህና ነኝ።»

እሳቸው ትንሽ ይቆማሉ። እሱም በሩን እንደያዘ ይቆማል። ከዚያ «በል ደህና ዋል» ብለው ይሄዳሉ። ላቀው ሳህኑን አጥቦ በማግስቱ ደጃፋቸው ላይ ያስቀምጥላቸዋል። እትዬ ያዝኑልኛል ብሎ ያስባል፤ ሰው እንዲያዝንለት ደግሞ አይፈልግም።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ በርበሬና ቅመም የሚወቅጡት ያንን የጋራ ግድግዳ ተጠግተው ነበር። ሙቀጫው በተመታ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ጉንዳኖቹም ይደናገጣሉ፤ እንቁላል በአፋቸው ይዘው ከክፍል ክፍል ይሯሯጣሉ። ላቀው ተነሥቶ መስታወቱን በእጁ ደግፎ ይይዛል። ሄዶ «እትዬ፣ ሙቀጫዎን ትንሽ ራቅ ያድርጉልኝ» ማለት ይችል ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር ወሬ ያስከትላል፤ ለምን፣ ምን ኖሮህ፣ እስቲ ልየው ይባላል። ስለዚህ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ አምጥቶ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ሸፈነው፤ በላዩም ጣውላ መታበት። ቤቱ ጸጥ አለ። ጉንዳኖቹ ተረጋጉ። ላቀውም አብሯቸው ተረጋጋ።

ከእድሩም እየራቀ ሄደ። መዋጮውን በሰው እጅ ይልካል፤ እሱ ግን በቀብርም በድንኳንም አይታይም። አንድ ቀን የእድሩ ዳኛ ሽብሩ ቤቱ ድረስ መጣ። ሽብሩ የላቀው የልጅነት ጓደኛ ነው። ላቀው በሩን ከፈተለት፤ ግባ ግን አላለውም።

«ትናንት የአናጢው እናት ሲቀበሩ አልነበርክም» አለ ሽብሩ።

«አልተመቸኝም።»

«ከዚያ በፊትም አልተመቸህም። ምን ገጠመህ?»

«ምንም። እኔ ከማንም ምንም አልፈልግም፤ ማንም ከእኔ ምንም አይፈልግ። መዋጮዬን እከፍላለሁ አይደል?»

ሽብሩ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ ቆየ። «ላቀው» አለው በመጨረሻ፣ «እቴነሽን የሸኘናት ሥራ ፈትተን አልነበረም። ለሁላችንም አልተመቸንም ነበር።»

ሽብሩም ኮፍያውን አድርጎ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ከእድሩ የመጣ ሰው የለም። ላቀው ትንሽ ቅር አለው። ግን ጉንዳኖቹን ሲመግብ ረሳው።

ከዓመታት በኋላ ንግሥቲቱ ሞተች።

ላቀው መጀመሪያ አላወቀም፤ ሠራተኞቹ እንደ ወትሮው ከበዋት ይልሷታል፣ ያጸዷታል፣ ከክፍል ክፍል ያዞሯታል። የእንቁላሉ ክምር እያነሰ ሲሄድ ነው የጠረጠረው። አጉሊ መነጽር አምጥቶ ሲያያት እግሮቿ ደርቀዋል። እነሱ ግን አልተዋትም። ላቀው እቴነሽ በሞተች ጊዜ ልብሷን ከመስቀያው ለማውረድ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ያውቃልና አልተገረመባቸውም።

ንግሥት የሌለው መንጋ አዲስ ልጅ አያገኝም። ያሉት አንድ በአንድ ያረጁና ያልቃሉ። ላቀው ይህን ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም። ክረምቱ ሲገባ ሥራውን ዘግቶ በየሜዳው እየዞረ ክንፏን የጣለች ሌላ ንግሥት አገኘ። በጥንቃቄ አምጥቶ ከመካከላቸው ለቀቃት። ሠራተኞቹ ቀረቡ፤ በአንቴናቸው ነካኳት። ከዚያ ከየአቅጣጫው እግሮቿን ይዘው ጎተቷት፤ ላቀው እጁን ሳያስገባ ገደሏት።

«ለእናንተ ብዬ እኮ ነው» አላቸው። እነሱ ግን ያቺን እንግዳ ወደ ጥጉ እየጎተቱ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በጋው ሙሉ እያለቁ ሄዱ። ሞልተው ይርመሰመሱባቸው የነበሩት ክፍሎች ባዶ ሆኑ። ላቀው የቀሩት መብላት አለመብላታቸውን ለማወቅ ስኳር ውሃ በቀይ ሥር ጭማቂ አቅልሞ አስቀመጠላቸው። አንዷ መጥታ ጠጣች፤ ሆዷም ቀላ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ያገኘቻትን በአንቴናዋ ነካች፤ አፍ ለአፍ ገጠሙ፤ የዚያችኛዋም ሆድ ቀላ። ብዙም ሳይቆይ ቀዩ በሁሉም ሆድ ውስጥ ነበር። አንዷ ብቻ ጠጥታ ሁሉም በልተው አደሩ። ልጅ የላቸውም፣ የሚጠብቁት የለም፤ አንዷ ሌላዋን ማጉረስ ግን አልተዉም።

በመጨረሻ አንዲት ቀረች።

ላቀው ያለውን ሁሉ ሰጣት። ማር፣ ቀዩን ስኳር ውሃ፣ የተቆረጠ ዝንብ። እሷም ጠጣች፤ ሆዷ እስኪወጠር ድረስ ቀላ። ከዚያ መሄድ ጀመረች። የመስታወቱን ጠርዝ ይዛ ዞረች። ባዶዎቹን ክፍሎች እየገባች ወጣች። አንቴናዋን ወደ ፊት ዘርግታ የምትነካውን ትፈልጋለች። ላቀው ጠዋት ሲነሣ ትሄዳለች፤ ከሥራ ሲመለስ ትሄዳለች። ጣቱን መስታወቱ ላይ ሲያደርግ ትመጣለች፤ ጣቱ ያለበትን ቦታ ከወዲያ በኩል ደጋግማ ትነካለች፤ መልስ ስታጣ ትሄዳለች።

ብዙም አልቆየችም። ጥግ ላይ ተጠቅልላ አገኛት። በወረቀት ጫፍ አንሥቶ መዳፉ ላይ አደረጋት፤ በአጉሊ መነጽሩ አያት። ሆዷ አሁንም ቀይ ነበር። የምታካፍላት አጥታ ምግቡን እንደያዘች፣ ሳይጠቅማት፣ በጥጋብ መካከል ሞታለች።

ላቀው እሷን በመዳፉ እንደያዘ ወደ ኋላው ዞረ። ምድጃው ላይ ከቀናት በፊት የሠራው ወጥ በድስቱ አለ፤ ክዳኑን ከፍቶ አይቶት ያውቃል እንጂ ብዙም አልነካውም።

በማግስቱ ሥራ አልገባም። ባዶውን የጉንዳን ቤት አንሥቶ አወጣው። ከዚያ ግድግዳውን አየ። ስፖንጁ ከእንግዲህ ለማን ነው? መዶሻ አምጥቶ ጣውላዎቹን ነቀለ፤ የጠቆረውንና የበሰበሰውን ስፖንጅ ገፎ ጣለ። ላብ አጠመቀው። ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀጫውን ለመስማት ጠበቀ።

ምንም አልሰማም።

እስከ እኩለ ቀን ጠበቀ። የሙቀጫ ድምፅ የለም፤ የሳህን ኳኳታ የለም፤ የእግር ኮቴም የለም። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለው። ወይዘሮ ጥሩአየሁ በሩን ካንኳኩ ቆይተዋል። ያለፈው ፋሲካ መጥተው ነበር? አላስታወሰም። ከፋሲካ በፊትስ? እሱንም አላስታወሰም። ተነሥቶ ወጣ፤ የእሳቸውንም በር አንኳኳ።

ደግሞ ሲያንኳኳ ከውስጥ ደከም ያለ ድምፅ መጣ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ ላቀው።»

«የትኛው ላቀው?»

አብሯቸው ግድግዳ ተጋርቶ የኖረ ሰው እንዲህ ሲባል ምን እንደሚሰማው ለመናገር ያስቸግራል። «የእቴነሽ ባል» አለ።

«አሃ። ግፋው፤ በሩ ክፍት ነው። እኔ መነሣት አልችልም።»

ገባ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ መስኮቱ አጠገብ በወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ከዘራ ተደግፏል። ከስተዋል፤ ላቀው ከሚያስታውሳቸው ይልቅ አንሰዋል። ሙቀጫው ጥግ ላይ ተደፍቷል።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ወደቅሁ። ዳሌዬ ነው። ሐኪም ቤት ከርሜ መጣሁ። አልነገሩህም?»

«አልሰማሁም። መቼ ነው የወደቁት?»

«ባለፈው ጥቅምት። እዚሁ ነው፣ በርበሬ ልወቅጥ ስነሣ። መንቀሳቀስ አቃተኝና ያንን ግድግዳ በዘነዘናው ደበደብኩት። ላቀው አለ ብዬ። ሰዓቱ ከሥራ የምትገባበት ነበር። ብደበድብ ብደበድብ ዝም። እንግዲህ ቤት የለም ብዬ ተውኩት። ወተት የምታመጣልኝ ሴትዮ ስትመጣ ነው ያነሣችኝ።»

ላቀው «አልነበርኩም» ብሎ ማለፍ ይችላል። ማንም አያውቅበትም።

«ቤት ነበርኩ» አለ።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ቀና ብለው አዩት።

«ቤት ነበርኩ እትዬ። ግድግዳውን በስፖንጅ ሸፍኜው ነበር። የሙቀጫው ድምፅ እንዳይሰማ ብዬ። ጉንዳን አረባ ነበር፤ እንዳይረበሹብኝ ብዬ ነው።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ከዚያ «ጉንዳን» አሉ ቀስ ብለው፤ ቃሉን እንደማያውቅ ሰው።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታውን ዛሬ አልሰጥህም» አሉ። «መሬት ላይ ስተኛ ምን ሳስብ እንደነበር አታውቅም። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።»

«እሺ።»

ሊወጣ ዞረ።

«ወዴት ነው?» አሉት። «ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«እኔም አልበላሁም። ወጡ አለ፤ ያቺው ወተት የምታመጣልኝ ሴትዮ ጠዋት ሠርታልኝ ሄዳለች። ብቻዬን ስቀርብ አይወርድልኝም። አምጣው እስቲ፣ እዚያ መደርደሪያው ላይ ነው።»

ላቀው አመጣ። በአንድ ትሪ ተቀመጡ። ጥቂት ከበሉ በኋላ ወይዘሮ ጥሩአየሁ እጃቸውን አቆሙ።

«ያን ጊዜ ሳህን ይዤ ስመላለስ ምን ነበር የምታስበው?»

«የሚያዝኑልኝ ይመስለኝ ነበር።»

«አላዝንልህም ነበር። አንተ ጤነኛ ነህ፤ ሥራ አለህ። እኔ ነበርኩ ሰው የሌለኝ። ሳህኑን ሰበብ አድርጌ ነበር የምመጣው። አንድ ቀን ‹ይግቡ፣ አብረን እንብላ› ትለኝ ይሆናል ብዬ ነበር። ደጃፍ ላይ የምቆመው ለዚያ ነው። ይዤልህ የመጣሁት ምግብ ለእኔም ነበር።»

ላቀው አንገቱን ደፋ። ጉርሻ ጠቀለለ፤ ዘረጋላቸው። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ጥቂት አዩት፤ ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

የወይዘሮ ጥሩአየሁ እግር እንደ ድሮው አልሆነም፤ ከዚያ በኋላ ያለ ከዘራ አልሄዱም። ይቅርታውንም የሰጡት ከወራት በኋላ ነው፤ ላቀውም አላስቸኮላቸውም። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሥራውን እየዘጋ ይመጣ ነበር። ወደ እድሩ ሲመለስ ሰላምታውን ያልመለሱለት ሰዎች ነበሩ። ሽብሩ ግን አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ላቀው አሁንም ዝምተኛ ነው። አሁን ግን ዝም የሚለው ሰው መካከል ተቀምጦ ነው።

ጉንዳን ማርባት ጥፋት አይደለም። ያዘነ ሰው ልቡን የሚያሳርፍበት ነገር ቢያገኝ ማንም አይወቅሰውም። የላቀው ጥፋት ሌላ ነው። ሐዘን ሲደርስብን ሰው ሁሉ ሊሰጠን የሚመጣ ይመስለናል፤ ስለዚህም «አልፈልግም» ማለት መብታችን ይመስለናል። ወደ እኛ ከሚመጡት መካከል ግን ከእኛ የባሰ ብቻቸውን የሆኑ አሉ። እጃቸው ሞልቶ ይመጣሉ፤ የሚፈልጉት ግን አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው ነው። «እኔ ማንም አያስፈልገኝም» የሚል ሰው አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፤ እኔስ ለማን አስፈልጋለሁ?

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ለራስዎ ይጠይቁ። መልሱ ምናልባት ከግድግዳዎ ማዶ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። ደህና መሆኑን ካረጋገጡ ምን ያህል ጊዜ ሆነዎት?